ብስጭት ብቻውን ጨጓራ አያቆስልም

በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በሰቃ ጨቆርሳ ሆዱን ይዞ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «አትበሳጭ፣ ሐሳብ አታብዛ፣ ጨጓራህን አትግደለው።» ምክሩ ከጎረቤት ይጀምራል፣ በመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ያልፋል፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው አፍ ይወጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የሬዲዮ እንግዶችና የሥነ ልቦና አሠልጣኞች አስፍተውታል። በእነሱ አባባል ጨጓራው ብቻ ሳይሆን የደም ግፊቱም፣ የወገብ ሕመሙም፣ ካንሰሩም ሳይቀር ምንጩ የታፈነ ስሜት ነው፤ ስሜቱን ያስተካከለ ሰው ይድናል። አባባሉ ማንም የማይጠይቀው እውነት እየሆነ በመምጣቱ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ስሜት አካልን አይነካም ብዬ አልከራከርም፤ ይነካል። ቅሬታዬ አባባሉ ስሜት ወደ አካል የሚደርስበትን መንገድ ሙሉ በሙሉ ስለሚዘለው ነው። በዚያ በተዘለለው መንገድ ላይ ባዶ ሞሰብ አለ፣ ባክቴሪያ አለ፣ በመሐል የተቋረጠ ሕክምና አለ። እነዚህ ተዘልለው ሲታለፉ ጥፋቱ በሙሉ በሕመምተኛው ጠባይ ላይ ይወድቃል።

በመጀመሪያ ለተከራካሪዎቼ የሚገባቸውን ልስጥ። ዊልያም ቦሞንት የተባለው አሜሪካዊ የጦር ሐኪም፣ በጥይት ተመትቶ ሆዱ ላይ የማይደፈን ቀዳዳ የቀረበትን አሌክሲስ ሴንት ማርቲንን ለዓመታት ሲከታተል ሰውየው በተናደደ ጊዜ የጨጓራው ግድግዳ ቀለሙ ሲለወጥ በዓይኑ አይቶ በ1833 አሳትሟል። ሃንስ ሴልዬም በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ለብርድና ለሌላ ሥቃይ የተዳረጉ አይጦች ጨጓራቸው እንደሚቆስል አሳይቷል። በ1995 የጃፓኗን ኮቤ ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ደግሞ ደም በሚያፈስ የጨጓራ ቁስል ሆስፒታል የገቡ ሰዎች በርክተዋል። ስለዚህ ነገሩ የባልቴት ወሬ ብቻ አይደለም።

ይሁንና በ1982 ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከሕመምተኞች ጨጓራ ወስደው አሳደጉት። ግኝታቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። የቁስል ትልቁ መንሥኤ ይህ ባክቴሪያ እንደሆነ፣ በሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያና በአንድ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት በሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚጠፋ ታወቀ። በኢትዮጵያ የተደረጉ ምርመራዎች ተሰብስበው ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ተሸክመው ተገኝተዋል። ዕድሜውን ሙሉ በብስጭቱ ሲወቀስ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነበር። የሚያሳዝነው ዜናው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እስከ ቡና ረከቦቱ ድረስ አለመድረሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ ሊያቋርጠኝ ይችላል። ባክቴሪያው በግማሹ ሕዝብ ውስጥ ካለ፣ ቁስል የሚይዘው ግን ጥቂቱን ከሆነ፣ ልዩነቱን የፈጠረው ጭንቀት አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዴንማርክ ውስጥ ተፈትኗልም። ሱዛን ሌቨንስታይንና ባልደረቦቿ በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከ3,000 በላይ አዋቂዎች ከአሥር ዓመት በላይ ተከታትለዋል። በጣም ከተጨነቁት አንድ ሦስተኛ ውስጥ 3.5 በመቶው፣ እምብዛም ካልተጨነቁት አንድ ሦስተኛ ውስጥ ደግሞ 1.6 በመቶው ቁስል ይዟቸዋል። ልዩነቱ ባክቴሪያው ባለበትም በሌለበትም ታይቷል። ጭንቀት እጥፍ ያህል ጨመረ ማለት ነው፤ ማስረጃው ጠንካራ ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ያንኑ ቁጥር ገልብጣችሁ እዩት። በጣም ከተጨነቁት ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ቁስል አልያዛቸውም። በዚያው ጥናት ማጨስ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ባክቴሪያውና ዝቅተኛ የኑሮ ደረጃ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ይዘው ተገኝተዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብስጭትን ብቻ መዝዞ ማውጣት ሳይንስ ሊባል አይችልም።

ዴንማርክ ሩቅ ናት ለሚለኝ ወደ ጅማ እንመለስ፤ ዋናው ነገሬም እዚሁ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተፈራ በላቸውና ፋሲል ተሰማ ከክሬግ ሃድሊና ከዴቪድ ሊንድስትሮም ጋር በመሆን በጅማ ከተማ፣ በዙሪያዋ ባሉ ትንንሽ ከተሞችና በገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ከ2,000 በላይ ታዳጊዎችን ጠይቀው ነበር። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ነው። በ2008 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ምግብ ባጠረበት ቤት ከወንዶቹ ይልቅ ልጃገረዶቹ ይራባሉ፤ እጥረቱ በበረታ መጠንም ልዩነቱ ይሰፋል። ታምሜያለሁ፣ አቅም አጥቻለሁ የሚሉትም ልጃገረዶቹ ይበዛሉ። በዚያው ዓመት በግልገል ጊቤ ዙሪያ በሚኖሩ አዋቂዎች ላይ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የምግብ ዋስትና ማጣት ከጭንቀትና ከድባቴ ምልክቶች ጋር የተቆራኘ መሆኑን አሳየ፤ ሌሎቹ የሕይወት ገጠመኞች ታስበውም ቁርኝቱ አልጠፋም።

እንግዲህ ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆዷን ያማታል፣ ትደክማለች፣ ትጨነቃለች። «ብስጭት ነው» የሚለው ሰው ከሦስቱ አንዱን አንሥቶ የሌሎቹ ሁለት እናት ያደርገዋል። ሦስቱም ከአንድ ትሪ የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ አያስብም። ወንድሟ ቀድሞ ይበላል፣ እሷ የተረፈውን ትጠርጋለች፤ ይህን እያወቀች መጨነቋ ጠባይዋ ነው ወይስ ማስተዋሏ? በእርግጥ ጥናቶቹ ሰዎቹ ራሳቸው በተናገሩት ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ጨጓራዋን በመሣሪያ ያየ የለም። ጭንቀቷ በራሱ ሕመሟን ሊያባብስ እንደሚችልም አልክድም። ያም ቢሆን ለዚህች ልጅ «ሐሳብ አታብዢ» የሚል ምክር ምን ይፈይድላታል?

የቡናው አገር ጭንቀት የቀን መቁጠሪያ አለው። እሸት ቡና ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፤ በእጅ ገንዘብ የሚገኘው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ይራቆታል፣ በቆሎው ገና አልደረሰም፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ያኔ ነው ዛፍ ላይ ያለ ቡና ገና በአረንጓዴው በርካሽ ተሽጦ ብድር የሚወሰድበት። በ2001 የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ የገበሬው ገቢ ኒው ዮርክ ላይ በተቆረጠ ዋጋ ሟሸሸ፤ በ1971 አገራችን የገባው የቡና ፍሬ በሽታም ምርቱን ዛፍ ላይ ሲያጠቁረው ኖሯል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ፣ ምሳውን ቢዘል፣ ድካሙን ለመርሳት ጫት ቢይዝ፣ ጫቱ ደግሞ የቀረችውን የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ቢወስድበት፣ ስሜቱ ወደ ጨጓራው የሄደበት መንገድ ግልጽ ነው። (ቡና ራሱ ቁስል ያመጣል የሚለው ወቀሳ ማስረጃው ደካማ ስለሆነ የጎማ ወረዳ ሰው በሲኒው ላይ ተጨማሪ ጭንቀት አያስፈልገውም።)

ስለ ሌሎቹ በሽታዎች ባጭሩ ልለፍ። ንዴት የደም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ ለዓመታት ከፍ ብሎ ለሚቆየው ግን ዕድሜ፣ ጨው፣ ውፍረት፣ ዘርና ኩላሊት መጠየቅ አለባቸው። ካንሰርን በተመለከተ በ2013 ከ116,000 በላይ አውሮፓውያንን ያካተተ ትንተና የሥራ ጫናን ከአንጀት፣ ከሳንባ፣ ከጡትና ከፕሮስቴት ካንሰር ጋር ሲያነጻጽር ግንኙነት አላገኘም። «ካንሰሩን ያመጣሽው በሐዘንሽ ነው» ማለት እንግዲህ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ስሕተትም ነው።

ስሜት በእርግጥ የሚገድልበት ቦታ ግን አለ፤ ተከራካሪዎቼ እምብዛም አያነሡትም። በቡታጅራ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች የእናት ጭንቀት የልጁን የውልደት ክብደት ሲቀንስ አላዩም። ያዩት ምጥ ሲረዝም፣ ጡት ማጥባት ሲዘገይ፣ ቆይቶም ሕፃኑ በተቅማጥ ሲያዝ ነው። በ2018 ፈንታሁን አምባውና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከጀመሩ 648 ኢትዮጵያውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የድባቴ ምልክት ነበራቸው፤ ድባቴያቸው ያልታከመላቸው መድኃኒታቸውን የማቋረጥና የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ነቀርሳውን ያመጣው ድባቴው አይደለም፤ መድኃኒቱን ያስተወው ግን እሱ ሊሆን ይችላል። ስሜትን እንደ በሽታ ማከም ነፍስ ያድናል የምለው በዚህ ትርጉሙ ነው።

የተለመደው አባባል ጉዳቱ የሚታየው መድኃኒት ቤት በር ላይ ነው። ሰውየው ከገጠር መጥቶ «የጨጓራ» ይላል፤ ኦሜፕራዞል ይሰጠዋል፣ «አትበሳጭ» ይታከልበታል፣ ይሄዳል። የባክቴሪያው የሰገራ ምርመራ ኦሜፕራዞል በተወሰደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተደረገ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል፤ ይህን የሚነግረው አይኖርም። ለወገቡ በየጊዜው የሚወጋው ዳይክሎፌናክ ራሱ ጨጓራ እንደሚያቆስልም አይጠየቅም። ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር የመሳሰሉት በብስጭት ተሳብበው ወራት ያልፋሉ፤ የጨጓራ ካንሰርም በዚያ ዝምታ ውስጥ ያድጋል።

በተቃራኒው በኩል ያለው ነገር ደግሞ ግራ ያጋባል። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና የመጡ 384 ሰዎች ተጠይቀው፣ በ2011 በታተመው ውጤት መሠረት ግማሽ ያህሉ ሕመማቸው ከመንፈስ ነው ብለዋል፤ ዘመናዊ ሕክምና እስኪደርሱም በአማካይ አንድ ዓመት ገደማ አልፎባቸዋል። ከእነሱ ግማሽ የሚጠጉት የያዛቸው ሊታከም የሚችል ከባድ ድባቴ ነበር። አእምሮው የታመመውን መንፈስ ነው እንለዋለን፣ አካሉ የታመመውን አእምሮህ ነው እንለዋለን። ሁለቱም ትክክለኛው በር ላይ ዘግይተው ይደርሳሉ።

ስለዚህ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ለምትሠሩ ወገኖቼ ልመናዬ ይህ ነው። «አትበሳጭ» ከማለታችሁ በፊት ሰገራው ይመርመር፤ ምን ማስታገሻ እንደሚወስድ ይጠየቅ። ቀጥሎም ትናንት ምን እንደበላ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ኑሮ ካስጠላው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠይቁት። መልሱ ድባቴን ካመለከተ ወደ አእምሮ ሕክምና ላኩት። ረኃብን ካመለከተ ግን ያንኑ በካርዱ ላይ ጻፉት እንጂ ብስጭት ብላችሁ አትመዝግቡት።