የ«ሕዝብ ልጅ» ልጆች

«የሕዝብ ልጅ» የሚለው ስም እያደር ይከብደኝ ጀምሯል። ዘፋኙን፣ ተዋናዩን፣ ኳስ ተጫዋቹን ስንወደው የምናወጣለት የፍቅር ስም ነበር። አሁን አሁን ግን የይዞታ ካርታ መስሏል። ሰውየው የሕዝብ ከሆነ ሕዝቡ ንብረቱን መፈተሽ ይችላል ማለት ነው፤ ጓዳውን፣ የፍቺ መዝገቡን፣ የሐኪም ቤት አልጋውን፣ በመጨረሻም ሬሳውን። ሚስቱና ልጆቹስ? እነሱ መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም። ፈቃዳቸውን የጠየቀ ግን የለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የመርዶው ነገር ነው። እኛ እኮ መርዶን በወግ የምንነግር ሰዎች ነን። ማታ የሰማ በሆዱ ይዞት ያድራል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤትና ልቡ ጠንከር ያለ ዘመድ ተሰባስበው በር ያንኳኳሉ። ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ አይረዳም፤ ደግፎ የሚይዘው ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። ነፍሰ ጡር ካለች ወይም የልብ ሕመምተኛ ካለ ደግሞ ሌላ ብልሃት ይፈለጋል። እህት ውጭ አገር ከሆነች፣ ዋሽንግተንም ትሁን ዱባይ፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለጓደኞቿ ነው። እነሱ ተጠራርተው ቤቷ ሄደው ያረዷታል።

ሟቹ ታዋቂ ሲሆን ይህ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይፈርሳል። አንዱ የዩቲዩብ ቻናል ጥቁር መደብ ላይ ሻማ ለጥፎ «ሰበር ዜና» ይላል፤ ሌላው ይቀዳዋል፤ ሺህ ሰው ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይጽፋል። የማውቃት አንዲት ልጅ የአባቷን ሞት ያየችው ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቧ በተቀመጠ ተሳፋሪ ስልክ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ገና ቤቷ አልደረሱም ነበር። (ያልሞተ ሰው የሚገድሉትንማ ተዉት፤ ስንቱ አርቲስት «ደህና ነኝ» ለማለት ካሜራ ፊት ቀርቧል!)

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት፣ የ13 ዓመት ልጁ ጂያናና ሌሎች ሰባት ሰዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቱ። ቲኤምዜድ የተባለው የዝነኞች ወሬ ድረ ገጽ ቤተሰቦች በወጉ ሳይነገራቸው ዜናውን አወጣ። ባለቤቱ ቫኔሳ በኋላ በቃለ መሐላ እንደተናገረችው፣ የተረፉ ሰዎች አሉ ተብላ ተስፋ እያደረገች ሳለ ስልኳ ላይ የባሏን ነፍስ ይማር የሚሉ መልእክቶች ይደረደሩ ጀመር። የሎስ አንጀለስ ሸሪፍ ድረ ገጹን በአደባባይ ወቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን የራሱ ፖሊሶች የሟቾቹን ፎቶ በስልካቸው አንስተው እንደተቀባበሉት ታወቀ፤ አንዱማ መጠጥ ቤት ውስጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ፍርድ ቤት ለቫኔሳ 16 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ልብ በሉ፣ ዜናው እውነት ነበር። ፎቶውም እውነት ነበር። «እውነት እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው?» ለሚሉኝ ይህን ነው የምነግራቸው።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ቁጥር 28 ለዝነኛ ሰውና በአደባባይ ለተፈጸመ ሥነ ሥርዓት በር ይከፍታል፤ ስለዚህ ቀብሩ ለምን ተቀረጸ ብዬ አልከራከርም። ግን ዝናው የማን ነው? የሰባት ዓመት ልጅ የአባቷን ሳጥን እያየች ስታለቅስ ካሜራው ፊቷ ላይ ሲቆም፣ እሷ በምን ሥራዋ ዝነኛ ሆነች? የሐኪም ቤት አልጋስ ከመቼ ወዲህ ነው አደባባይ የሆነው? ቁጥር 30 ደግሞ ባለ ምስሉ ሲሞት መብቱን የሚያስከብሩት ቤተሰቦቹ ናቸው ይላል።

«ራሱ አይደል ሠርጉን ያስቀረጸው?» ይሉኛል። እንዴ! ሠርጉ ላይ የጠራኝ ሰው መኝታ ቤቱ እንድገባ ፈቀደልኝ ማለት ነው? የባለሥልጣን ቪላ በማን ገንዘብ ተሠራ ብሎ መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይጠየቅ።

አስቸጋሪው የሕመሙ ነው። አርቲስቱ ኩላሊቱ ሲደክም መታከሚያ ስለሌለው ካሜራ ፊት ተኝቶ እርዳታ ይጠይቃል። ያኔ «ፈቅዷል» እንላለን። ፈቀደ? ሌላ ምርጫ ያለው ሰው ነው እኮ ፈቀደ የሚባለው! ካዋጣን በኋላ ደግሞ ሂሳብ መጠየቅ እንጀምራለን፤ ለምን ምግብ ቤት ታየ፣ ሚስቱ ለምን አዲስ ቀሚስ ለበሰች። ሃምሳ ብር የላከ ሰው የቤቱ ኦዲተር ሆኖ ቁጭ ይላል።

የቻናል ባለቤቶችን የምጠይቃቸው ብዙ አይደለም። «ቤተሰቡ ተረድቷል ወይ?» ብሎ ማጣራት አንድ ስልክ ነው። መልስ ከጠፋ እስከ ጠዋት መጠበቅ ነው፤ ሽማግሌዎቹም የሚጠብቁት እስከ ጠዋት ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ገብቶ፣ ማይክ ዘርግቶ እናትየዋን «ምን ተሰማዎት?» የሚለውን ግን የእድሩ ሰዎች ከበር ይመልሱት።