ቡችላ ከመግዛትዎ በፊት እናቲቱን ይዩ

በከተማ ውስጥ ግቢ ያለው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ውሻ ማሳደግ ይሻል። ምክንያቱ ሌባን ለመከላከል፣ ልጆችን ለማስደሰት ወይም ጎረቤት ስለገዛ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ለአንድ ጥንድ ጫማ ሦስት ሱቅ የምትዞር እናት፣ የቡችላ ነገር ሲሆን ግን በመንገድ ዳር በካርቶን ተይዞ ያየችውን፣ ልጇ «ይኼን!» ስላለ ብቻ ገዝታ ትገባለች። ጫማው ባይሆን ይጣላል። ውሻ ግን 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ከልጆች ጋር አብሮ የሚኖር፣ በሽታውም ለቤተሰቡ የሚተርፍ ፍጡር ነው። ስለዚህም በዛሬው ዓምዳችን፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ዋና ዋና ነጥቦችን እናቀርባለን።

እረኛው ውሻ በከተማ

በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ከሚፈልጋቸው የውሻ ዝርያዎች አንዱ ጀርመን ሼፐርድ ነው። ሼፐርድ ማለት እረኛ ማለት ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ሆራንድ የተባለ የእረኛ ውሻ ገዝቶ የዝርያውን ማኅበር መሠረተ። ሆራንድም በዝርያው መዝገብ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዘገበ። መኮንኑ ከመልክ ይልቅ ለሥራና ለብልህነት ቅድሚያ ይሰጥ ነበር።

ይህ ታሪክ ዛሬም በየግቢያችን ይታያል። የሚሮጥ ነገር ሲያይ ተከትሎ መመለስና ማሰባሰብ የእረኛ ውሻ ተፈጥሮው ነው። በግ ባያገኝ ሕፃናቱን ያግዳል። የሚሮጠውን ልጅ ተከትሎ ተረከዙን ወይም ሱሪውን ቢይዝ ከክፋት የመነጨ ባይሆንም፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሊታረም ይገባል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ሲሆን ደግሞ ቁጡና ተናካሽ ሊሆን ይችላል። እናትም አባትም ሥራ ውለው የሚመለሱበት፣ ግቢውም ጠባብ የሆነበት ቤት፣ ውሻውን ጠዋትና ማታ የሚያንቀሳቅስ ሰው ከሌለው ይህን ዝርያ ባይገዛ ይመረጣል። ሰውነቱ አነስ፣ ቀለቡም ቀለል ያለ ጤናማ የሐበሻ ውሻ ሊስማማው ይችላል።

«እናቷን አይተህ…»

አበው «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይላሉ። ምክሩ ለቡችላም ይሠራል። ሻጩን በቅድሚያ «እናቲቱ የት ናት?» ብለው ይጠይቁ። «እናቱ ክፍለ ሀገር ናት፤ አባቱ የአንድ ትልቅ ሰው ውሻ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት አመስግነው ይለፉ።

እናቲቱን ሲያገኙ ጠባይዋን ያስተውሉ። ባለቤቷ አጠገቧ ቆሞ እያለ እንግዳ በማየቷ የምትንቀጠቀጥ ወይም ለመንከስ የምትወረወር ከሆነች ልጆቿም ወደዚያው ሊያደሉ ይችላሉ። ዕድሜዋንና ስንት ጊዜ እንደወለደችም ይጠይቁ። ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፤ እርግዝናዋም 63 ቀን ያህል ነው። ገንዘብ ብቻ የሚታየው አርቢ በዚህ ስሌት ያለ ዕረፍት ያስወልዳታል። ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ግን ሰውነቷ እስኪጠና፣ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ይጠብቃል፤ ከወለደችም በኋላ ያሳርፋታል።

የጀርመን ሼፐርድ ዋነኛ የዘር ሕመም የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት ነው። የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ስፍራ በደንብ ሳይገጥም ይቀርና ውሎ አድሮ መገጣጠሚያው ይጎዳል። ውሻው ከተኛበት ለመነሣት ይቸገራል፤ ደረጃ መውጣትም ያቅተዋል። ጉድለቱ ከወላጅ የሚወረስ ስለሆነ ቡችላውን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የወላጆቹን ዳሌ በራጅ ማስመርመር ያስፈልጋል። ሻጩ የራጅ ውጤት ካለው እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ከሌለውም እናትና አባት ሲራመዱና ሲነሡ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ቡችላን ከመጠን በላይ ማወፈር ሕመሙን እንደሚያባብሰውም አይዘንጉ።

እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። አንዳንድ አርቢዎች ግን «ንጹሕ ዘር» እያሉ ወንድምን ከእኅት፣ አባትን ከልጅ ያዳቅላሉ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወላጆች ተሸክመውት የኖሩት ስውር ጉድለት በልጆቹ ላይ ይገለጣል። ስለዚህ የአባቱንም ማንነት ማጣራት ተገቢ ነው።

ቡችላው ራሱ

ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። የአነካከስን ልክና ከሌሎች ጋር መኖርን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። ጤናማ ቡችላ ዓይኑና አፍንጫው ንጹሕ ነው፤ ይጫወታል፤ አያነክስም። ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የከሳ እንደሆነ በሆዱ ትል መኖሩን ይጠርጥሩ።

የሆድ ትል ነገር በተለይ እናቶችን ይመለከታል። የውሻ ወስፋት ገና በማኅፀን ሳለ፣ ኋላም በወተት አማካይነት ከእናቲቱ ወደ ቡችላው ይተላለፋል። ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው የትል እንቁላል አፈር ውስጥ ቆይቶ በእጅ ወደ ሕፃናት አፍ ሲገባ ጉበታቸውንና ዓይናቸውን ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም ቡችላው ከሁለት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ የትል መድኃኒት መውሰዱን ያረጋግጡ፤ ልጆችም ከነኩት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። መድኃኒቱን ግን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝልዎ። ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን በመጠን ስሕተት ማንኛውንም ውሻ ሊጎዳ ይችላል። እንደ ኮሊ ባሉ አንዳንድ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች ላይ ደግሞ ከዘር በሚወረስ ጠባይ ምክንያት አንጎላቸው ድረስ ዘልቆ ሊገድላቸው ይችላል። በዓል ሲመጣም የታረደውን በግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አይስጡ። ከዚያ የሚያገኘው ጥቃቅን ትል ወደ ሰው ሲተላለፍ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያስከትላል።

ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት በሽታዎች ብዙ ቡችሎችን ይፈጃሉ። ክትባታቸው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ድረስ ይደጋገማል። ሻጩ «ተከትቧል» ቢልዎ የክትባት ካርዱን ይጠይቁ።

ከሁሉ የከፋው

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው የዚህ በሽታ ተላላፊነት 99 ከመቶ ያህሉ በውሻ አማካይነት የሚመጣ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን በሰው ላይ የሞከረበት ጆሴፍ ማይስተርም የ9 ዓመት ልጅ ነበር።

ስለዚህ ቡችላዎ ሦስት ወር ሲሞላው ይህን ክትባት ያስከትቡት፤ ቀጣዩንም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ያስደግሙ። ልጅዎን ማንኛውም ውሻ ቢነክሰው ወይም ቢቧጭረው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሥራ ሥር ፍለጋ የሚያልፈው ቀን የልጅዎን ሕይወት ሊያሳጣዎት ይችላል። ልጆች ግርፋት ፈርተው ንክሻን ስለሚደብቁ፣ ቢነግሩዎ እንደማይቆጧቸው አስቀድመው ያስረዷቸው።

በመጨረሻም፣ በቤታቸው ሴት ውሻ ላላቸው የምናሳስበው ነገር አለ። ለምትወልዳቸው ቡችሎች አሳዳጊ ሳታገኙ አታስወልዷት፤ የእንስሳት ሐኪም አማክራችሁ ማስመከን ይቻላል። በሌሊት ተወስዶ መንገድ ላይ የሚጣለው ቡችላ ካልሞተ አድጎ፣ ሳይከተብ፣ የራሳችሁ ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ላይ ይጠብቃቸዋል።