ሥዕሉን መኪና ሲያነበው ተማሪው በምን ይማራል?

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ደጃፍ አንድ ጧት ተቀምጦ የዋለ ሰው ብዙ ነገር ያስተውላል። አንዱ የተሰበረ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ፣ ሌላው ደረቱን ይዞ እየሳለ፣ እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። ፎቶግራፉ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሌላ መጠበቅ አለ፤ ይኸውም የሚያነበውን ሰው መጠበቅ ነው። ባለፈው ወር አክስታችንን ይዘን በዚያ ደጃፍ በተቀመጥን ጊዜ፣ አንድ ሽማግሌ ትልቁን ፖስታ ከፍተው የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንተው ሲመለከቱ አየን። ጥቂት ቆይተው ወደ እኛ ዘወር አሉና፣ «ልጄ፣ የገዛ ደረትህ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ከጭጋግ በቀር የማየው የለም» አሉን።

የሽማግሌው አነጋገር የነገሩን ሥር የያዘ ሆኖ አገኘነው። ራጅ ማንሣት አንድ ሥራ ነው፤ ራጅ ማንበብ ግን ሌላ ሥራ ነው። ጥላን ከጥላ ለይቶ፣ ይህ የልብ ቅርጽ ነው፣ ይህ የጎድን አጥንት ነው፣ ይህ ግን በዚህ ቦታ ሊገኝ የማይገባው ነገር ነው ብሎ ለመናገር የብዙ ዓመት ትምህርት ያስፈልጋል። ዛሬ ደግሞ ይህንኑ ንባብ ኮምፒዩተር ሊሠራው ጀምሯል። በዚያው ዕለት ማታ፣ የሕክምና ትምህርቱን በቅርቡ ለጨረሰ አንድ ጓደኛችን ነገሩን ብናጫውተው ፈገግ አለና፣ «እኔም የራዲዮሎጂ ሐኪም ልሆን አስቤ ነበር፤ ዓመታት ለፍቼ ስጨርስ መኪናው ቀድሞኝ ቢገኝስ?» ሲል ጠየቀን። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜ ስላልሆነን፣ ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእኩዮቻችን ሁሉ ጥያቄ መስሎ ታየን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ልንመለከተው ወደድን።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሬንትገን ይህን የማይታይ ጨረር በቩርዝቡርግ ከተማ ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነበር። በሚቀጥለው ወር የሚስቱን እጅ በጨረሩ ቢያነሣ፣ አጥንቷና የጣቷ ቀለበት ቁልጭ ብለው ታዩ። በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለእርሱ ተሰጠ። ግኝቱ በእኛ አቆጣጠር የዋለው በ1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓመቱ የዐድዋ ድል ዓመት መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁለቱ የተገናኙት በዘመን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ አገራቸው የተመለሱትን ሁለት የኢጣሊያ ወታደሮች፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ወታደራዊ ሐኪም በናፖሊ ከተማ በአዲሱ ጨረር መርምሮ፣ በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት ያለበትን ቦታ ለማወቅ ቻለ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው ሥራ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር አዲስ ትምህርት አብሮ መምጣት ነበረበት። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1914 በተነሣው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማሪ ኩሪ የራጅ መሣሪያ በአውቶሞቢል አስጭና ወደ ጦር ግንባር በወሰደች ጊዜ፣ መሣሪያው ያለ ባለሙያ ከንቱ መሆኑን ስለ ተረዳች 150 ያህል ሴቶችን በሥራው አሠለጠነች። በ1971 በለንደን ሲቲ ስካን የተባለው መሣሪያ የአንዲት ሕመምተኛን አንጎል በቁርጥ በቁርጥ አሳየ። መሣሪያውን የሠራው እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድና ሒሳቡን አስቀድሞ ያወጣው የደቡብ አፍሪቃው ተወላጅ አላን ኮርማክ በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ቀጥሎም አልትራሳውንድና ኤም.አር.አይ. ተስፋፉ። በእያንዳንዱ ጊዜ የሥዕሉ ቁጥር እየበዛ፣ የአንባቢው ሐኪም ተፈላጊነትም እየጨመረ ሄደ እንጂ አልቀነሰም።

ይሁን እንጂ የአሁኑ መሣሪያ ከቀድሞዎቹ ይለያል። የቀድሞዎቹ ሥዕል ይሰጡ ነበር፤ ይህኛው አስተያየት ይሰጣል። በ2016 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ጄፍሪ ሂንተን፣ በአምስት ወይም በዐሥር ዓመት ውስጥ ኮምፒዩተር ከሐኪም የተሻለ ስለሚያነብ፣ አዲስ የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከእንግዲህ ይቅር ሲሉ ተናገሩ። ሊቁ በ2024 የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል፤ ስለዚህ ቃላቸው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ነገር ግን ዘመኑ ሲደርስ የሆነው ሌላ ነው። ሐኪሞቹ አልተበተኑም፤ እንዲያውም በብዙ አገር የሚነበበው ሥዕል ከአንባቢዎቹ ቁጥር በላይ ሆኗል። እርሳቸውም በ2025 ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በሰጡት ቃል፣ ያን ጊዜ ነገሩን ከልክ በላይ አስፍተው መናገራቸውን አምነዋል።

እኛ የመኪናውን ጥቅም ከሚክዱት ወገን አይደለንም። በስዊድን አገር 80,000 ያህል ሴቶች በተካፈሉበት የጡት ካንሰር ምርመራ፣ በ2023 በወጣው ውጤት፣ በኮምፒዩተር የተረዱት ሐኪሞች የንባብ ድካማቸው በመቶ 44 ያህል ሲቀንስላቸው የተገኘው ካንሰር ግን አላነሰም። ይህ ለሐኪሙም ለሕመምተኛውም ትልቅ ረድኤት ነው። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የተማሪው ጉዳይ ነው።

አንድ ተማሪ ሐኪም የራጅ ንባብ የሚማረው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ጤነኛ ደረት ምን እንደሚመስል እስኪሰለቸው ድረስ ያያል። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሺህ ጤነኛ ደረት ካየ በኋላ ነው የታመመው ደረት ገና ሲያየው ዐይኑን የሚወጋው። ከዚያ ቀላሉን ስብራት፣ ቀጥሎ የሳንባ ምችን፣ በመጨረሻም ስውሩን ዕጢ መለየት ይጀምራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ነው። እንግዲህ መኪናው መጀመሪያ የሚወስደው ሥራ ይህንኑ ቀላሉን፣ አሰልቺውንና ብዙውን ነው። ለመኪናው ቀላል የሆነው ግን ለተማሪው የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ነበር። የታችኛው እርከን የተነቀለበትን መሰላል ማን ይወጣዋል? ከሃያ ዓመት በኋላስ አስቸጋሪውን ሥዕል የሚያነብ ሊቅ ከየት ይመጣል?

ይህን የምንለው በፍርሃት ብቻ አይደለም። በጀርመን የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2023 ባወጡት ጥናት፣ 27 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች 50 የጡት ራጆችን እንዲያነቡ ተደረገ። ከኮምፒዩተር የመጣ ነው የተባለ አስተያየትም ከሥዕሉ ጋር ተሰጣቸው፤ በአንዳንዱ ላይ ግን አስተያየቱ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ነበር። አስተያየቱ ትክክል ሲሆን ልምድ የሌላቸው ሐኪሞች ከመቶው 80 ያህሉን በትክክል ፈረዱ፤ አስተያየቱ ሲሳሳት ግን ወደ 20 ያህል ወረዱ። ብዙ ልምድ ያላቸውም ቢሆኑ ከ82 ወደ 45 ያህል ዝቅ አሉ። እንደዚሁም በ2025 ከፖላንድ በወጣ ጥናት፣ የአንጀት ውስጥ መመልከቻ ካሜራን በኮምፒዩተር ረዳት መጠቀም የለመዱ ሐኪሞች፣ ረዳቱ በሌለበት ጊዜ ዕጢ የሚያገኙባቸው ምርመራዎች ከመቶ 28 ያህል ወደ 22 ያህል ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ያልተሠራበት ዐይን ይደክማል ማለት ነው።

መኪናው ደግሞ ሲሳሳት እንደ ሰው አይሳሳትም። በ2018 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሳንባ ምችን ከራጅ የሚለይ ኮምፒዩተር ሲፈትኑ፣ ሥዕሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደ መጣ ለይቶ ማወቁን ደረሱበት። በአንዱ ሆስፒታል በሽተኛው ስለሚበዛ፣ ኮምፒዩተሩ የሳንባውን ነገር ትቶ የሆስፒታሉን ምልክት እያየ ይፈርድ ነበር። ስለዚህ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ችሎታው ቀነሰ። ከባሕር ማዶ ሳንባ የተማረ መኪና ወደ እኛ የገጠር ሆስፒታል ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የሚመረምር ሰው ከሌለን፣ ስሕተቱን የምናውቀው በሕመምተኛው ላይ ነው።

የአገራችን የቅኔ ቤት ሥርዐት ለዚህ ጉዳይ የሚበጅ ምሳሌ ይሰጠናል። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል። ሲመሽ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተጣመመውን ያቃናለታል። የቀኑ ድካም ባይኖር የማታው እርማት ምን ይጠቅመው ነበር? ገና ሳይቆጥር ያለቀለት ቅኔ በየጧቱ የሚሰጠው ተማሪ ቢኖር፣ የሰው ቅኔ ይዘርፋል እንጂ ባለቅኔ አይሆንም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለዚህ ነው።

በአገራችን ነገሩ ሌላም መልክ አለው። የራዲዮሎጂ ሐኪሞቻችን ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ሲመረመሩ፣ የደረት ራጃቸውን በሰው ምትክ ኮምፒዩተር ሊያነበው እንደሚችል ፈቅዷል። የሳንባ ነቀርሳ ለበዛባት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንባቢ በሌለበት ጤና ጣቢያ ከጭጋግ ይልቅ የመኪና ንባብ ይሻላል፤ በዚህ ክርክር የለንም። ክርክራችን፣ «እንግዲያውስ መኪናው ካለ ሰው ማሠልጠን ምን ያደርጋል?» ከሚሉት ጋር ነው። መኪናው ራሱ የተማረው ሐኪሞች አስቀድመው ያነበቧቸውን ብዙ ሺህ ሥዕሎች እያየ ነው። አንባቢ ያላፈራ አገር ሁልጊዜ የሌላውን አገር ዐይን ሲዋስ ይኖራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት፣ አንደኛ፣ ተማሪው ሥዕሉን በቅድሚያ ብቻውን ያንብብ፤ ያየውንም በጽሑፍ ያስፍር፤ የመኪናው ንባብ የሚገለጥለት ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ልዩነቱንም ከመምህሩ ጋር ይመርምር። ሁለተኛ፣ በየሆስፒታላችን የሚነሡት ሥዕሎች፣ የሕመምተኛው ስም ተሰውሮ፣ ከመጨረሻ ውጤታቸው ጋር ተሰብስበው ለማስተማሪያና ለመኪናው መፈተኛ ይዋሉ። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ በሐኪሙ ብቻ አይወሰን። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት፣ ለአገሪቱ የሚያስፈልጋትን ጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድ ላይ ማሠልጠኑ ጥሩ አብነት ነው። ዛሬም የራጅ ባለሙያው፣ ጤና መኮንኑና በትንሽ አልትራሳውንድ እርጉዞችን የምትመረምረው አዋላጅ፣ መኪናው የት እንደሚረዳና የት እንደሚስት ሊማሩ ይገባል። አራተኛ፣ መኪናው ከመምህሩ ላይ ያቃለለው ሰዓት ለሌላ ሥራ ሳይበተን ለተማሪው ይሰጥ። ከአራቱ ሁሉ ምናልባት የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ወረፋው ረጅም በሆነበት ቦታ ትርፍ ሰዓት መስሎ የታየውን ሁሉ ወረፋው ይበላዋል።

ለጓደኛችን የሰጠነው መልስም ይኸው ነበር። «መኪናው እንዳይቀድምህ ፈርተህ ትምህርቱን ብትተወው፣ መኪናው በእርግጥ ይቀድምሃል፤ ተምረህ ከመጣህ ግን ሲያነክስ ታቃናዋለህ» አልነው። እርሱም ገና እያሰበበት ነው።

ያን ዕለት ሽማግሌው ብዙ ከጠበቁ በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ጠራቸው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለ ነበረ፣ ፊልሙን በብርሃኑ ሰሌዳ ላይ ሰቅሎ በጣቱ እያመለከተ፣ «አባቴ፣ ይኼው፣ ይህ ልብዎ ነው፤ ይህ ሳንባዎ ነው፤ እዚህ ላይ ያለችውን ነጭ ነገር ነው የምናክመው» ሲላቸው ሰማን። ሽማግሌው ሲወጡ ጭጋጉ ተገፎላቸው ነበር። ወደ ፊት ሥዕሉን ማንም ያንብበው ማን፣ ሽማግሌውን እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ፣ ለተናገረውም ቃል ኀላፊ የሚሆን የተማረ ሰው በዚያ ክፍል እንዳይጠፋ የዛሬ ትምህርት ቤቶቻችን ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን።