ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውስ?

ጥምቀት ሲቃረብ የውስጥ መስመሬ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «ቲቸር፣ ዘንድሮ ፈረስ የት ሄደን እንይ?» አብዛኞቹ መካነ ሰላም ያስተማርኳቸው፣ አሁን አዲስ አበባና ደሴ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ለሦስት ቀን ይመጣሉ፤ አንዷን ቀን ለፈረስ ይመድባሉ። ደግ አደረጋችሁ። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «አስፋልት ላይ ቢሆን ለቪዲዮ ያምር ነበር።»

እኔ በበኩሌ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ፈረስ ለማየት ከቤቴ አልወጣም። እናንተም እንዳትወጡ ነው ይህን የምጽፈው።

ፈረስ ሽምጥ ሲፈተለክ ክብደቱ ከነጋላቢው በአንድ እግር ላይ ብቻ የሚያርፍበት ቅጽበት አለ። ሣር ያንን ምት ይውጥለታል፤ አስፋልት ግን መልሶ ወደ አጥንቱ ይልከዋል። ላዩም ለሰኮና ያዳልጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ፣ ስሙን ልተወው፣ በዓል ለማድመቅ ተብሎ ፈረሶች ዋናው መንገድ ላይ ሲሮጡ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ዳማ ፈረስ መታጠፊያው ላይ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ። ጋላቢው ልጅ ተነሣ፤ ፈረሱ ግን የፊት እግሩን መርገጥ አቃተው። ከሕዝቡ ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ስልኩን አወጣ። ባለቤቱ ሽማግሌ ልጓሙን ይዘው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ አቀርቅረው ቀሩ። ያ ፈረስ ገበያ የሚያደርሳቸው፣ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ የሚያወርድላቸው ነበር። ለአሥር ደቂቃ ድምቀት የአንድ ቤት እግር ተሰበረ።

«ፈረንጆቹስ ከተማ መሀል ያስሮጡ የለ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የጣሊያኗ ሲዬና በየዓመቱ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 ታስሮጣለች። አሥር ፈረሶች ያለ ኮርቻ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ። ግን ከውድድሩ በፊት ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? የሚሮጡበትን ድንጋይ ሁሉ አፈር ያለብሱታል! እንደዚያም ሆኖ ፈረስ ይጎዳል፣ ተቃዋሚውም ብዙ ነው። እነሱ አፈር ተሸክመው ድንጋይ ላይ ይደፋሉ፤ እኛ እግዜር የሰጠንን ሣር ትተን አስፋልት ፍለጋ እንሄዳለን።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ የኔ ሚዛን ይኸውና።

አንደኛ፣ መሬቱን እዩ። ሣር የለበሰ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ፍልፈል ያልቆፈረው ይሁን።

ሁለተኛ፣ መጨረሻውን እዩ። ፈረስ እንደ ባጃጅ ፍሬን ተይዞ አይቆምም። ካሸነፈም በኋላ እየበረደ የሚሄድበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በእኛ አገር ደግሞ ሜዳው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ገደል ነው። መጨረሻው ገደል ወይም የተሰበሰበ ሰው ከሆነ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ መቀመጫውን እዩ። ጥሩ ሜዳ በአንድ ጎኑ ተዳፋት አለው። ሰው እዚያ ላይ ጋቢውን አንጥፎ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ ከላይ ያያል፤ ፈረሱ ከታች በነፃነት ይሮጣል። ጉግስ ካለ ደግሞ ከዚህም ራቅ በሉ። የተወረወረ ዘንግ ዘመድ አያውቅም።

አራተኛ፣ ውሃና ጥላ ፈልጉ፤ ለእናንተ ሳይሆን ለፈረሱ። የጥር ፀሐይ ቀላል አይደለችም።

አምስተኛ፣ አለንጋውን እዩ። ጎኑ የደማ ፈረስ ቀድሞ ቢገባ አታጨብጭቡ። የእናንተ ጭብጨባ ነው ለከርሞ የሚያስገርፈው።

መንገዱ ሰላም ሆኖ ርቆ መሄድ የሚችል ደግሞ ጥር 23 ቀን ዓባይን ተሻግሮ እንጅባራ ይውረድ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋን ፈረሶች ውለታ እያሰበ ዛሬም ይጋልባል። የምቀናው በፈረሳቸው አይደለም። ፈረስማ እኛም አለን፤ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስትመጡ የለጋምቦን ደጋ በመስኮት ማየት ይበቃል። የምቀናው ፈረሰኛው ባለቤት ያለው፣ ማኅበር ያለው፣ ቀን ያለው በመሆኑ ነው።

የእኛ ፈረሰኛ ባለቤቱ ማን ነው? የዓድዋ ቀን ሲመጣ የራስ ሚካኤልን፣ የአባ ሻንቆን ፈረሰኛ እያነሣን ደረታችንን እንነፋለን። በማግስቱ የልጅ ልጁ የሚጋልብበት ሜዳ በችካል ሲሸነሸን ዝም እንላለን። ግማሹ ለቤት መሥሪያ፣ ግማሹ ለባሕር ዛፍ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ፖስት አድርገናል። መዝገቡ ግን ሜዳ አያጥርም። ታቦቱ የሚያድርበት፣ ፈረሱ የሚጋልብበት መሬት ካለቀ የቀረው ወረቀት ነው።

ጃንሜዳን አስታውሱ። በዚያው በ2012 በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ገባበት። ችግር ነበርና ማንንም አልወቅስም። ግን ለ2013 ጥምቀት ሰዉ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ወጥቶ አጸዳው። ጃንሜዳ የሚጮህለት ሕዝብ ነበረው። የገጠር ሜዳ ማን ይጮህለታል?

«ወጣቱ ቤት የለውም፣ አንተ የፈረስ መጫወቻ ታወራለህ» የሚለኝ አለ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ካስተማርኳቸው ውስጥ ዛሬም በኪራይ የሚንከራተቱ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ «ሣር ላይ እደሩ» አልልም። ሜዳ ሁሉ ይቅር አላልኩም። በየወረዳው አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ወሰኑ ተለይቶ፣ የማይታረስ፣ የማይሸነሸን ሜዳ ይኑር ነው የምለው። በበዓል ለፈረስ፣ በአዘቦት ለከብትና ለልጆች ኳስ ይሆናል። ደግሞም እዚያ ተዳፋት ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ተቀምጦ ለአንድ ፈረስ ይጮሃል። እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ቀርቶናል?

ስለዚህ ልጆቼ፣ የት እንደምትሄዱ ስትመርጡ የመዝናኛ ቦታ ብቻ አይደለም የምትመርጡት። ሰው የሚሄድበት ሜዳ ባለቤት አለው፤ ሰው የማይሄድበት «ባዶ መሬት» ይባላል። ለቪዲዮ አስፋልት ዳር ከቆማችሁ ከርሞም አስፋልት ላይ ያስሮጡላችኋል። ሣሩ ላይ ከወጣችሁ ግን ችካል የያዘው ሰውዬ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያስባል።

አባቶቻችን «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ሲሉ ለፉከራ ነበር። ዛሬ ፈረሱን ማሳየት እችላለሁ። ሜዳውን ግን አብረን እንፈልገው።

በየቀያችሁ የቀረ ሜዳ ካለ ከሥር ጻፉልኝ፤ ያለቀም ካለ ጻፉት። መልካም ጥምቀት!