ጥያን አልፈን ወዴት?

ማኅበራችን በዓመቱ መጨረሻ ለሚያደርገው ጉዞ ሐሳብ አቅርቡ በተባልን ጊዜ፣ ሐይቅ ዳር እንሂድ ያላለ ተማሪ ጥቂት ነው። አንድ ወዳጃችን ግን ገንዘቡ ቢኖረን እስፓኝ ድረስ ሄደን የኮርዶባን መስጊድ ማየት ይገባን ነበር ብሎ አስቆናል። ምኞቱን አልነቅፍም፤ በአንዳሉስ የተሠራው ሥራ ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን ያ መስጊድ በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1984 ሲሆን፣ ጥያ የተጻፈችው በ1980 ነው። ይህችው ጥያ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቡታጅራ መንገድ ላይ ትገኛለች። ለመስቀል ወደ አገራችን ስንገባ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ያወርዳል፤ እኛ ግን አንወርድም።

በስፍራው 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። ሰይፍ፣ ክብ ምልክት፣ አንዳንዱ ሰው የእንሰት ቅጠል ነው የሚለውም አምሳል ተቀርጾባቸዋል። ሕዝቡ የግራኝ ድንጋይ ሲላቸው ኖሯል፤ ተመራማሪዎች ግን ከግራኝ ጦርነት በፊት የቆሙ ናቸው ይላሉ። የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ነው የሚባለውን እኔ በበኩሌ በቀላሉ አልቀበለውም። መሬቱ በተቆፈረ ጊዜ የተገኙት፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው የተቀበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሚገመት ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ይኸውም የእኛ ዕድሜ ነው! ሴቶቹም በሰይፍ ሲዋጉ ወደቁ ካላልን በስተቀር፣ የጀግና መቃብር የሚለው ወሬ ብቻውን አይበቃም። ታዲያ ይህን ሁሉ ወጣት ምን ፈጀው? ጦር ነው? በሽታ ነው?

አባ አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1920ዎቹ አገሩን ዞረው የድንጋዮቹን ነገር በ1931 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህም ቆፋሪውና ጸሐፊው ይበልጡን የውጭ ሰው ነው። ከሶዶ ሽማግሌዎች ጋር በክስታንኛ ቁጭ ብሎ መጫወት የሚችለው የእኛ ተማሪ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዞ አልሄደም። (እኔ የወልቂጤ ልጅ፣ የጅማ መንገድ ሰው ነኝ፤ ይህን መጻፍ የነበረባቸው የቡታጅራ ልጆች ነበሩ።)

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዚያው መንገድ፣ ከጥያ በፊት፣ በ2024 በዚያው መዝገብ የገባችው መልካ ቁንጡሬ አለች። ጧት ከአዲስ አበባ ተነስተን እርሷን አይተን፣ ቀትር ላይ ጥያ ደርሰን፣ ምሳችንን ቡታጅራ ክትፎ በልተን ማታ እንመለሳለን። የሶዶን ቋንቋ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ልጆች አስቀድመው ስማቸውን ለጉዞው ኮሚቴ ይስጡ።