ስምን ሥራ ያወጣዋል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የቆየው ብሂል። በዚህ ዘመን ግን የመልአኩን ቦታ የተረከቡ ሌሎች ስም አውጪዎች ተነሥተዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በሥልጠና አዳራሾች ቆመው «ልማድህን ለመለወጥ አትድከም፤ አስቀድመህ ማንነትህን ለውጥ። ‹አንባቢ ነኝ›፣ ‹ሯጭ ነኝ›፣ ‹ቆጣቢ ነኝ› በል፤ የቀረው ራሱ ይከተላል» እያሉ ይሰብካሉ። አዳራሹ ያጨበጭባል። ሰኞ ሲነጋ ግን መጽሐፉ እንደተከደነ፣ ጫማውም ከአልጋ ሥር እንደተቀመጠ ነው።

ትምህርቱ ከሥሩ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ጄምስ ክሊር እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ልማድ ባሳተመው መጽሐፍ ለማንነት ትልቅ ስፍራ ሰጥቷል፤ ይሁንና ማንነቱ የሚጸናው በተደጋገመ ትንሽ ድርጊት መሆኑን አልሸሸገም። ሰባኪዎቹ ግን የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን ጣሉት።

ቃል ብቻውን ምን ያህል አቅም እንዳለው ተፈትኗል። በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ስለ «መምረጥ» ሳይሆን «መራጭ ስለመሆን» የተጠየቁ ሰዎች በብዛት ለምርጫ እንደወጡ አስታወቀ። በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን በሰፊው ቢሞክሩት ግን ልዩነት አላገኙም።

ታላላቆቹ ሯጮችም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ደብተሩን ታቅፎ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ማንም «ሯጭ» ብሎ አልሾመውም፤ የ1996ቱ የአትላንታ ወርቅ የመጣው ከብዙ ዓመታት ሩጫ በኋላ ነው። በ2019 በቪየና የማራቶንን ርቀት በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የጨረሰው ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌም የሚታወቀው በካፕታጋት ካምፕ ከጓደኞቹ ጋር ተራ ገብቶ መጸዳጃ ቤት በማጽዳት ነው። ስሙ ከሥራው አላሳረፈውም።

ከዚህም የቀረበ ምስክር አለ፤ እርሱም ዕቁብ ነው። ለብቻው መቶ ብር ማስቀመጥ ያቃተው ሰው ዕቁብ ሲገባ ሳያስታጉል ይጥላል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት እንኳ እስከ መጨረሻው ይከፍላል፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ ያውቁታልና። ይህ ሰው በመስታወት ፊት ቆሞ «ቆጣቢ ነኝ» አላለም። ስለጣለ «ዕቁብተኛ» ተባለ፤ ከተባለ በኋላ ግን ያንን ስም ማጣት ያሳፍረዋል። ማንነት ልማድን የሚጠብቀው እንዲህ ነው፤ በሥራ ተገኝቶ፣ በሰው ፊት ታውቆ።

«ሰው ራሱን ካላመነ እንዴት ይጀምራል?» የሚሉ አይጠፉም። አንድ ገጽ ለማንበብ ግን እምነት አያስፈልግም፤ መጽሐፉን መግለጥ ይበቃል። ይልቅ የሚያስፈራው ስምን በብድር መውሰድ ነው። በባዶ እጁ «ሯጭ ነኝ» ያለ ወጣት አንድ ቀን ቢያስታጉል ቀኑ እንዳለፈው ሳይሆን ራሱ ሐሰተኛ እንደሆነ ይቆጥራል፤ ተስፋ ቆርጦም ይተወዋል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የተከታተሏቸው 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ለመያዝ ከ18 እስከ 254 ቀን የሚገመት ጊዜ ያስፈልጋቸው ነበር፤ አንድ ቀን ማስታጎል ግን ልማዱን አላፈረሰውም። ይህን ለወጣቱ የነገረው የለም፤ አሠልጣኙ ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል።

እንግዲህ ለወጣቱ የሚያስቡ ከሆነ አዳራሹን ይዝጉትና ሰባት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡ። በሳምንት አንድ ቀን ይገናኙ፤ እያንዳንዱ ያነበበውን ይናገር፤ ያላነበበ ይጠየቅ፤ የቀረ ይፈለግ። ዓመት ሲሞላ «አንባቢ» የሚለውን ስም ጎረቤት ያወጣላቸዋል።