ኢሜይሉ ገብቷል፤ ስልኩ ግን አልጮኸም

ሶዶ ላይ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ዛሬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ብቻ አይቆምም። ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ለድርጅት ሲያመለክት ወይም የውጭ ስኮላርሺፕ ሲሞላ መልሱ የሚመጣው በኢሜይል ነው። «ነገ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» የሚል መልእክት ከነገ ወዲያ ቢነበብ ትርፉ ቁጭት ነው። ልጁን «ኢሜይልህን ለምን አታይም?» ብለን ከመውቀሳችን በፊት ስልኩ ለምን እንዳልነገረው እንጠይቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሜይል የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። በፈለጋችሁት አፕ ልትከፍቱት ትችላላችሁ። አፑ ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር መስመር ክፍት አድርጎ የሚጠብቅበት፣ ደብዳቤ እንደገባም ወዲያው የሚያውቅበት «አይድል» የሚባል መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ። ኮምፒውተር ላይ ያለችግር ይሠራል። ስልክ ላይ ግን አፕልና ጉግል ይህን በር አንዱ ዘግቶታል፣ ሌላው አጥብቦታል።

አይፎን ላይ የሌላ ድርጅት የኢሜይል አፕ ከጀርባ ሆኖ መስመር ይዞ መቆየት አይችልም። መቼ ነቅቶ ሳጥኑን እንደሚያይ የሚወስንለት ስልኩ ነው። የአፕል የራሱ የሜይል አፕ ግን በየ15 ደቂቃው እንዲፈትሽ ማዘዝ ይቻላል። ለቤት ልጅ አንድ ሕግ፣ ለእንግዳ ሌላ ሕግ!

አንድሮይድም ከ6ኛው ስሪት (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ ስልኩ ሳይነካ ሲቆይ አፖችን ያስተኛል። አንዳንድ ስልክ አምራቾች ደግሞ የራሳቸውን ገደብ ይጨምሩበታል።

«ለባትሪ ተብሎ ነው» ይላሉ። እውነት አለው። መብራት ሄዶ በሚያድርበት አገር ባትሪ ቀልድ አይደለም። ግን ባትሪው የማን ነው? የእኔ ከሆነ፣ ለአንዱ አፕ ላጥፋው ወይስ ልቆጥበው የምለው እኔ ነኝ።

ወዲያው ማሳወቅ የሚፈልግ አፕ የቀረው መንገድ በአፕልና በጉግል የማሳወቂያ ሰርቨር በኩል ማለፍ ነው። ለዚህ የአፑ ባለቤት የራሱን ሰርቨር ያቆማል፤ ያ ሰርቨርም በእናንተ ፈንታ ኢሜይላችሁ ውስጥ ይገባል። የቤታችሁን ቁልፍ ለማታውቁት ሰው ሰጣችሁ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓ ፓርላማ የአይቲ ክፍል የአውትሉክን የስልክ አፕ ያገደው በዚሁ ስጋት ነበር። ቁልፍ አልሰጥም ያለ ትንሽ አፕ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ተጠቃሚውም «አይረባም» ብሎ ያጠፋዋል።

ቴሌግራም ፈጥኖ የሚጮኸው ሰርቨሩም አፑም የራሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የቢሮ ሥራችን ሳይቀር ወደ አንድ ኩባንያ ግቢ ገባ። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ በአገራችን ሲገደቡ ምን እንደሆንን አንርሳ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ካራትና ጂንካ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ደብዳቤ የማንም ባልሆነ መንገድ መሄዱ ቅንጦት አይደለም።

ምን ይደረግ? አፕልና ጉግል ለተጠቃሚው አንድ ግልጽ ምርጫ ይስጡ፦ «ይህ አፕ ከጀርባ ይሥራ፣ ባትሪው የኔ ጉዳይ ነው»። አንድሮይድ በከፊል ይፈቅዳል፤ አይፎን ጨርሶ አይፈቅድም።

ቀጣሪዎችና ቢሮዎች ደግሞ የአንድ ቀን ቀጠሮ በኢሜይል ብቻ አትላኩ። አንድ ኤስኤምኤስ ጨምሩበት፣ ቀኑንም አርዝሙት።

እናንተ ወዳጆቼ፣ አንድሮይድ ከያዛችሁ ዛሬውኑ የኢሜይል አፓችሁን የባትሪ ማስተካከያ ከፍታችሁ ገደቡን አንሱ። አይፎን ከያዛችሁ ማሳወቂያ አትጠብቁ፤ ጠዋትና ማታ ራሳችሁ ክፈቱት። መልስ የሚጠብቅ ወንድም ወይም እህት ካላችሁም ይህን ላኩላቸው።